ልጄ ጫካ ውስጥ ምን ይማራል?



ባለፈው ሳምንት በማታው ትምህርታችን ላይ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። የአምስት ልጆች እናት ናቸው። ፊደል መቁጠር ከጀመሩ ገና አራት ወራቸው ነው። እኔ የ22 ዓመት ወጣት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በዕድሜ ልጃቸው እሆናለሁ። እርሳቸው ግን «የኔታ» ይሉኛል። እኔም «እማማ» እላቸዋለሁ።

«የኔታ» አሉኝ፤ «ትንሹ ልጄ አንደኛ ክፍል ነው። ትናንት መምህሩ ልጆቹን ሁሉ ይዞ ደን ውስጥ ገባ አሉ። ቅጠል ሲለቅሙ ዋሉ። እኔ እኮ ልጄን ከከብት ጥበቃ ያስቀረሁት ፊደል እንዲማር ብዬ ነው። ጫካ ውስጥ ምን ይማራል?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አንዳንዶቹም «እውነታቸውን ነው» አሉ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ይህንኑ ጥያቄ የራሴ እናት ስትጠይቅ ሰምቻለሁና።

ያን ዕለት ስለመሸ አጭር መልስ ሰጠሁ። ረጅሙን መልስ ዛሬ በጽሑፍ አመጣሁላችሁ። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ውስጡ አንድ የማፍርበት ነገር አለ። እሱንም አልደብቃችሁም።

የተወለድሁት በትግራይ፣ ከመቀሌ ከተማ መሐል በስተምሥራቅ፣ በኲሓ አካባቢ ነው። ቤታችን ለአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ነው። አውሮፕላን ሲያርፍ በሬዎቻችን አይደነብሩም ነበር። ለምደውታል። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ይበልጣል። ድንጋዩ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ነው። ዋናው ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አብዛኛው ደረቅ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ዛፍ ማሳደግ እንደ ልጅ ማሳደግ ነው። ድካም አለው።

በ2003 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል ገባሁ። ክፍላችን ቆርቆሮ ጣራ ነበረው። ከ60 በላይ ልጆች ነበርን። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አምስት ሆነን እንቀመጣለን። ከቀትር በፊት ሙቀቱ ያፍናል። ግማሾቻችን እንተኛለን፤ ግማሾቻችን እንጎሻሸማለን።

መምህርታችን ወጣት ሴት ነበረች። ምን አሰበች መሰላችሁ? ረቡዕ ረቡዕ ሁላችንንም በሰልፍ ይዛን ትወጣ ጀመር። ከመንደራችን ጀርባ አንድ ጉብታ አለ። ጉብታው ከብት እንዳይገባበት፣ እንጨትም እንዳይቆረጥበት በሕዝቡ ስምምነት የተከለለ ነበር። ዛፉ ረጅም አይደለም። ግራር፣ ወይራ፣ ክትክታ፣ አልፎ አልፎም ጥድ አለበት። እዚያ ላይ ሲቆሙ የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ከነአጥሩ ይታያል።

የደኑ ጠባቂ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «አቦይ» እንላቸዋለን፤ በእኛ አገር አባቴ ማለት ነው። መጀመሪያ ቀን አቦይ ዱላቸውን ይዘው መጡ። «መምህር፣ እነዚህ ልጆች ደኑን ሊያጠፉብኝ ነው» አሉ። እርሷም «አቦይ፣ ዛሬ ካላወቁት ነገ ማን ይጠብቅልዎታል?» አለቻቸው። እሳቸውም ዝም ብለው አሰቡ። ከዚያ በኋላ የእኛ ሁለተኛ መምህር ሆኑ።

ምን ተማርን? በተራ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ፊደል ተማርን። ደብተር የሌለው ልጅ ብዙ ነበር። ጉብታው ላይ ግን መሬቱ ደብተር፣ የእንጨት ስባሪው እርሳስ ሆነ። መምህርታችን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው እያመለከተች ስሙን በአፈር ላይ አስጻፈችን። አ፣ ሉ፣ ላ። «ይህ ማን ነው?» አለችን። አላወቅንም። ራስ አሉላ እንግዳ ከተምቤን የተነሡ የገበሬ ልጅ እንደሆኑ ነገረችን። በጥር 1879 ዓ.ም. በዶጋሊ፣ በየካቲት 1888 ዓ.ም. ደግሞ በዓድዋ የተዋጉ ጀግና እንደነበሩ፣ አባ ነጋ የፈረሳቸው ስም እንደሆነ ያኔ ሰማን። የገበሬ ልጅ መሆናቸውን ስንሰማ እኛ የገበሬ ልጆች ደረታችንን ነፋን።

ሁለተኛ ቁጥር ተማርን። የግራር ፍሬ እየለቀምን በአሥር በአሥር ቆጠርን። አሥር ጊዜ አሥር መቶ መሆኑን በእጃችን ጨበጥነው። ጥላችንን በእርምጃ ለካን። ጠዋት ረጅም፣ እኩለ ቀን ላይ አጭር መሆኑን አየን።

ሦስተኛ ስለ ነፋስ ተማርን። ይህን ፈጽሞ አልረሳውም። አውሮፕላን ሲመጣ ሁላችንም ትምህርቱን ትተን እንሮጣለን። ሌላ መምህር ቢሆን ይቆጣን ነበር። እርሷ ግን «እሺ፣ እንየው» አለች። «ግን አስቀድማችሁ የወይራውን ቅጠል እዩ። ነፋሱ ወዴት ይገፋዋል?» የወይራ ቅጠል ፊቱ አረንጓዴ፣ ጀርባው ቡናማ ነው። ነፋስ ሲገለብጠው ቀለሙ ይለወጣል። እኛም ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አወቅን። «አውሮፕላን ሲያርፍም ሲነሣም ነፋሱን በፊቱ መቀበል ይወዳል። እንዲህ ሲሆን በአጭር መንገድ ይቆማል፤ በአጭር መንገድም ይነሣል። አሁን ከየት በኩል መጥቶ እንደሚያርፍ ንገሩኝ» አለች። አንዳንዱ በግራ፣ አንዳንዱ በቀኝ አለ። ቅጠሉን በደንብ ያየ ሁሉ ልክ ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅጠል እያየን አውሮፕላን እንጠብቅ ነበር።

አራተኛ እያንዳንዳችን አንድ ችግኝ ወሰድን። ለእኔ የደረሰኝ ወይራ ነበር። ቁመቱ ስንዝር አይሞላም። ስሜን በምስማር በኖራ ድንጋይ ላይ ጫርሁና ከሥሩ አኖርሁት። በበጋ ከቤት በጣሳ ውኃ እየወሰድሁ አጠጣሁት።

እናቴ ነገሩ አልጣማትም። ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። «ልጄን ፊደል ይማር ብዬ ላክሁት። እንጨት ለመቁጠር ከሆነማ ፍየሎቼን እየጠበቀም ይቆጥር የለም ወይ?» አለች። አያችሁ እማማ፣ ልክ የእርስዎን ጥያቄ ነው የጠየቀችው።

መምህርታችን አልተከራከረችም። «በሚቀጥለው ረቡዕ እርስዎም ይምጡ» አለቻት። እናቴ መጣች። ሌሎች ወላጆችም መጡ። መምህርታችን ሁለት ጣሳ ውኃ አስመጣች። አንዱን ራቁቱን በቀረ ተዳፋት መሬት ላይ አፈሰሰችው። ውኃው አፈሩን ይዞ እንደ ጠላ አተላ ደፍርሶ ወረደ። ሁለተኛውን ቅጠል በሸፈነውና ሣር ባለበት መሬት ላይ አፈሰሰችው። ውኃው ጥቂት ወርዶ ጠፋ፤ መሬቱ ጠጣው። የወረደውም ጠብታ ጥርት ያለ ነበር። «ልጆች፣ የትኛው መሬት ጤፍ ያበቅላል?» አለች። እኛ ጮኸን መለስን። እናቴ ግን ዝም አለች። የእኛ እርሻ ተዳፋት ላይ ነበር። በየክረምቱ ጎርፍ ይበላዋል። የዚያን ዓመት አባቴና እናቴ የእርሻውን እርከን አደሱ።

አቦይም የድርሻቸውን አስተማሩን። ስለ ሞሞና ግራር የነገሩን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሞሞና በክረምት፣ ሌላው ዛፍ ሁሉ ሲለመልም ቅጠሉን ያራግፋል። በበጋ፣ ሌላው ሲደርቅ ደግሞ ይለመልማል። ስለዚህ እርሻ መካከል ቢቆም እህሉን ጥላ አይጥልበትም። የረገፈው ቅጠሉ መሬቱን ያዳብራል፤ ፍሬውን በበጋ ከብት ይበላዋል። ገበሬ ሞሞናን ከእርሻው የማይቆርጠው ለዚህ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አስተማሩን። «ወይራ ትዕግሥተኛ ነው። ከመሬት ስንዝር ከፍ አድርገህ ብትቆርጠው ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ሥሩን ከነቀልኸው ግን አለቀ» አሉን። ይህን ስሰማ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። መቼ እንደሚያስፈልገኝ አላወቅሁም።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ደረስሁ።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ ጦርነት ተነሣ። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጠ። የመንገደኛ አውሮፕላንም ለ18 ወር ቀረ። ያ ሜዳ ጭር አለ። ትምህርት ቤት የለም፤ ሥራ የለም፤ ጋዝ የለም። በሬዎቻችንን ሸጥን። በሬ ሲሸጥ ኩበቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ማገዶ ጠፋ። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ዛፍ አዞረ። ለዓመታት ተከልሎ የኖረው ደን በየቦታው ተቆረጠ፤ ከሰልም ሆነ።

አንድ ቀን ቤታችን ዱቄት ተገኘ። የሚጋገርበት እንጨት ግን አልነበረም። ሰው ሊጥ አይበላም። እናቴ ምንም አላለችኝም። ምድጃውን ብቻ ታያለች። ምሳርና ዶማ ይዤ ወደ ጉብታው ወጣሁ። ቀጥ ብዬ የሄድሁት ወደ ወይራዬ ነው። ለምን እሱን? የሌላ ሰው ዛፍ ከምቆርጥ የራሴን ልቁረጥ ብዬ ነው። ያን ጊዜ ቁመቱ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ድንጋዩ ከሥሩ ነበር። የጫርሁት ስሜ ደብዝዟል፤ ግን ይነበባል።

ቆረጥሁት። ወይራ ጠንካራ ነው፤ እጄ ተላጠ።

ከዚያም ዶማውን አነሣሁ። ሥሩ ጥሩ ከሰል ይወጣዋል። በዙሪያዬ ያሉት ሰዎች ሥሩን እየቆፈሩ ይወስዱ ነበር። እኔም አንድ ጊዜ መታሁት። በዚያን ጊዜ የአቦይ ቃል ትዝ አለኝ። «ሥሩን ከነቀልኸው ግን አለቀ።» ቆምሁ። ዶማውን በትከሻዬ አድርጌ፣ እንጨቱን ተሸክሜ ወረድሁ። ጉቶው ቀረ።

የዚያን ማታ እንጀራ በላን። የተራበን ሰው ለምን ዛፍ ቆረጥህ ብሎ መውቀስ አይገባም። ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። አሳድጌው ነበራ። አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኛል። ያ ሥር መሬት ውስጥ የቀረው አንዲት መምህርትና አንድ ሽማግሌ ከአሥር ዓመት በፊት ሕፃናትን ከክፍል ስላወጡ ነው።

ታናሽ እህት አለችኝ። በ2013 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል ልትገባ ነበር። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቀረባት። ፊደልም አልተማረች፤ ዛፍም አልተማረች። አንድ ቀን ጉብታው ላይ ይዣት ወጣሁ። ከዛፉ ይልቅ ጉቶው ይበዛ ነበር። «ይህ ምን ነበር?» አለችኝ። «ጥድ ነበር።» «ይህስ?» «ግራር።» «ይህስ?» መልስ አጣሁ፤ ከሥሩ የተነቀለ ጉድጓድ ነበር። ዛፉ ሲጠፋ ስሙም አብሮ እንደሚጠፋ ያን ቀን ገባኝ። ስሙን የማታውቅ ልጅ መጥፋቱን እንኳ አታውቅም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ መምህር ሆንሁ። ደብተር አልነበረንም። መሬቱ ደብተር፣ እንጨቱ እርሳስ ሆነ። አ፣ ሉ፣ ላ።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት በደቡብ አፍሪካ፣ በፕሪቶሪያ ተፈረመ። ታኅሣሥ 19 ቀን የመንገደኛ አውሮፕላን ወደ መቀሌ ተመለሰ። ያን ቀን እኔና እህቴ ጉብታው ላይ ነበርን። ድምፁ ሲሰማ ልጅቷ ጮኸች፤ ሮጣ መሬት ላይ ተኛች። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን ድምፅ ማለት ሞት ማለት ነበር። ሌላ ትርጉም አታውቅም። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ወይራዬ ጉቶ ሥር ነበርን። ከጉቶው አራት አምስት ቀጫጭን ለጋ ቅርንጫፎች አቆጥቁጠዋል። እንቅስቃሴያቸው ይታያል።

«ቅጠሉን እይው» አልኋት። «ነፋሱ ወዴት ይገፋዋል?»

እያለቀሰች አየችው። በጣቷ አመለከተች።

«እንግዲያው አውሮፕላኑ በዚያ በኩል መጥቶ ያርፋል። ሰው ነው የያዘው። አትፍሪ።»

ጠበቅን። በዚያው በኩል መጣና አረፈ። እህቴ ዓይኗን ጠረገች። «እንዴት አወቅህ?» አለችኝ። «እኔስ ላውቅ እችላለሁ?»

እማማ፣ መልሴ ይህ ነው። ልጅዎ ጫካ ውስጥ የሚማረው ይህን ነው። ቅጠል መልቀሙ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ማየት፣ መጠየቅ፣ መጠበቅና ማመዛዘን እየተማረ ነው። ፊደልም እኮ በጥንቃቄ ማየት ነው። «ሀ»ን ከ«ሁ» የሚለየው አንድ ትንሽ ጭረት ነው። የጥድን ቅጠል ከዝግባ የለየ ዓይን ፊደልም ለመለየት አይቸገርም።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በዴንማርክ አገር ኤላ ፍላታው የተባለች እናት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ፣ የራሷንና የጎረቤቶቿን ልጆች በየቀኑ ደን ውስጥ ይዛ መዋል ጀመረች። ነገሩ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ በብዙ አገሮች ሕፃናት በዝናብም በብርድም ደን ውስጥ የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ።  ሕፃን ልጅ በእጁ ነክቶ፣ በእግሩ ሄዶ ሲማር የተሻለ እንደሚይዘው ብዙዎች ያምናሉ።

የተከለለ መሬትም ፋይዳው ትንሽ አይደለም። ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አጠገብ አብርሃ ወአፅብሃ የምትባል መንደር አለች። መሬቷ ተራቁቶ፣ ሕዝቧ በድርቅ ተቸግሮ ነበር። ሕዝቡ ዳገቱን ከልሎ፣ እርከን ሠርቶ፣ ዛፍ ተክሎ አዳነው። ውኃውም ተመለሰ። ለዚህ ሥራ መንደሯ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። በ2017 ደግሞ የትግራይ ክልል መሬትን መልሶ በማልማት ሥራው ሌላ የወርቅ ሽልማት ተሰጠው። ከዚያ ጦርነት መጣና ብዙው ተጎዳ። ዛፍ በአንድ ማታ ይቆረጣል፤ ለማደግ ግን ዓመታት ይፈልጋል። እንደገና የሚተክሉትና የሚጠብቁት የዛሬዎቹ ሕፃናት ናቸው። የማያውቁትን እንዴት ይጠብቁታል?

አሁን ጥቂት ምክር ልስጥ።

ልጅ ብቻውን ደን አይግባ። አዋቂ አብሮት ይሁን። እባብ በሚኖርበት ቦታ ድንጋይ በእጁ አያንሣ። የቁልቋል ወተት ዓይን ይጎዳልና አይንካው። የማያውቀውን ፍሬ አይብላ። ጦርነት ባለፈበት አካባቢ ደግሞ ማናቸውንም እንግዳ ብረት አይንካ፤ አይርገጥ፤ ድንጋይም አይወርውርበት። ሮጦ ለአዋቂ ይንገር። ፍየልና ምሳር ይዞ ወደተከለለ ቦታ አይግባ።

እናንተ ወላጆች ደግሞ «እኛ ገና ፊደል ቆጣሪዎች ነን፤ ለልጅ ምን እናስተምራለን?» አትበሉ። ዛፉን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የወተት ዕቃ በየትኛው እንጨት እንደሚታጠን፣ ሞፈር ከየትኛው እንደሚጠረብ፣ ንብ የትኛውን አበባ እንደሚቀስም ታውቃላችሁ። ይህ ሁሉ ትምህርት ነው። መጽሐፍ ውስጥ አልገባም እንጂ ከመጽሐፍ አያንስም። እኔ እንኳ ከእናንተ እየተማርሁ ነው። እኛ «አውሊዕ» የምንለውን እናንተ ወይራ ትላላችሁ። እኛ «ጽሕዲ» የምንለው ጥድ ነው። «አውሒ» ዋንዛ ነው፤ «ታሕሰስ» ክትክታ ነው። ስሙ ሁለት ነው፤ ዛፉ አንድ ነው።

ደግሞስ እኛ ራሳችን የት ነው የምንማረው? በክረምት ዝናብ ካልጣለ በስተቀር ጥቁር ሰሌዳችን የተደገፈው ዋርካው ግንድ ላይ አይደለም ወይ? እማማ ልጃቸው ጫካ ውስጥ ዋለ ብለው የከሰሱት እሳቸው ራሳቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነው። ይህን ስነግራቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

እህቴ ዛሬ ትምህርት ቤት ናት። ከእኩዮቿ ወደኋላ ቀርታ ነው የጀመረችው፤ ግን ታነባለች። ባለፈው ጊዜ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ከወይራው ቅርንጫፎች ሁለቱን ጠንካሮቹን አስቀርታ ሌሎቹን በአቦይ ምክር እንደቆረጠቻቸው ነገረችኝ። ድንጋዩንም ገልብጣ በሌላው ፊቱ ላይ የራሷን ስም ጽፋለች። ከእንግዲህ ዛፉ የእርሷ ነው። አልተቃወምሁም።

ለሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራ አለን። ከልጃችሁ ጋር ሆናችሁ በደጃችሁ ካሉት ዛፎች የሦስቱን ስም በደብተራችሁ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ዛፉ ለምን እንደሚጠቅም አንድ መስመር ጨምሩ። ልጁ የሚያውቀውን እሱ ይንገራችሁ፤ እናንተ የምታውቁትን ደግሞ ለእሱ ንገሩት። ደብተሩን ይዛችሁ ኑ፤ ዋርካው ሥር እናነበዋለን።

በሰላም ያገናኘን።